ካውያ ያረፈበት ወረቀት

«ወረቀቱ አለ» ትል ነበር አክስቴ። «ትልቁ ጋሼ ወንድሜን ባዶ እጁን አልመለሱትም። እዚያ ቤት፣ ከእነዚያ ሳጥኖች ባንዱ ውስጥ፣ ይህ ቤት የእናንተ ነው የሚል ወረቀት ተቀምጧል። ዓይኔን ያጥፋው!»

ይህን ሳትናገር የዋለችበት ቀን ትዝ አይለኝም። ስትመጣ ገና ሳትቀመጥ ትጀምራለች፤ ስትሄድ በሩን ይዛ ቆማ ትደግመዋለች። ለጎረቤት ነግራለች፣ ለወተት ሻጩ ነግራለች፣ ቧንቧ ሊጠግን ለመጣው ሰውዬ ነግራለች። አንዴ አድራሻ ተሳስቶ በራችንን ያንኳኳ እንግዳ ሰው ይዛ ከሥር ከመሠረቱ አስረድታዋለች። ሰውዬው ቆሞ አዳመጠና «ያሳካላችሁ» ብሎ የሚፈልገውን ቤት ፍለጋ ሄደ።

እናቴ መልስ አትሰጣትም ነበር። እናቴ ካውያ በእጇ ካለ አታወራም፤ ካውያ ደግሞ ከእጇ አይጠፋም።

ስለ ራሴ እውነቱን ተናግሬ ልገላገል፦ ብልህ ልጅ ነበርኩ። ሌላው ሰው ስለ ራሱ እንዲህ ሲል ያፍራል፤ እኔ አላፍርም። ብልህነቴ ምን እንደሠራ እስከ መጨረሻው ስትሰሙ ዋጋውን ራሳችሁ ታወጡለታላችሁ።

ቤት የምለው ከትልቁ ቤት ጀርባ ያሉ ሁለት ክፍሎችን ነው። ድሮ የመጋዝና የመቀስ ማስቀመጫ ነበሩ። አባቴ የትልቁ ጋሼን የፍራፍሬ ዛፎች የሚከረክም ሰው ነበርና፣ ሚስት ሲያገባ መጋዞቹ ወጥተው እናቴ ገባች። ግድግዳው ላይ የመጋዞቹ መስቀያ ምስማሮች እንደተሰለፉ ቀርተዋል። ልብሳችንን የምንሰቅለው እነሱ ላይ ነው። እናቴ ደግሞ በትልቁ ቤት የልብስ መተኮሻ ክፍል ትሠራለች። በኮሌታ ጫፍ የሚወዳደራት አልነበረም። እሷ የተኮሰችው ኮሌታ ሰው ይወጋል ይባል ነበር።

ትልቁ ጋሼ ማን ናቸው? መሬቱ ከወንዙ ጀምሮ እስከ ባቡር ሐዲዱ ድረስ የሳቸው ነው። ትምህርት ቤቱን እሳቸው አሠሩ፣ ክሊኒኩን እሳቸው አሠሩ፣ የቧንቧ ውኃውን እሳቸው አስገቡ። ሰው ስማቸውን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔ በቅርብ ያየኋቸው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ስድስት ዓመቴ ነበር።

ያን ሰሞን አባቴን ሳል ይዞት መሰላል መውጣት አቅቶታል። አንድ ቀን ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄዶ አንድ ገጽ አስጻፈ፣ ጢሙን ተላጨ፣ እኔን አስከትሎ ወደ ትልቁ ቤት ሄደ። በረንዳው ላይ ሰው ተሰልፏል። ትልቁ ጋሼ የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ወኪላቸው ቆሟል፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ የተነበበውን ወረቀት ሁሉ ተቀብሎ ብብቱ ሥር የሚያስገባ ሰው።

አሠራራቸው አንድ ዓይነት ነው። ወረቀቱን ይቀበላሉ፣ ያነባሉ፣ ሲጨርሱ «በል፣ ሂድ» ይላሉ። ሽማግሌ ከሆነ «በሉ፣ ይሂዱ»፤ ሴት ከሆነች «በይ፣ ሂጂ»። ከዚያ ያለፈ ቃል የለም። ከአባቴ ፊት የነበረች ሴት ማልቀስ ስትጀምር ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ጣራው አዩ። እኔም ጣራው ላይ ምን እንዳለ ለማየት አንጋጠጥኩ። ምንም አልነበረም።

የአባቴን ወረቀት ሲያነቡ አውራ ጣታቸውን አየሁት። ሥራ እንደፈታ ጣት የወረቀቱን ጥግ ያሻሻል፤ ከዚያ አጠፈው፤ ከዚያ በጥፍራቸው ተጫኑት። እኔም ሲሰለቸኝ የቀሚሴን ጠርዝ እንደዚያ አደርጋለሁ። ሰልችቷቸዋል አልኩ በልቤ። ስለ ሀብታም ሰዎች ያወቅሁት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፦ እነሱንም ይሰለቻቸዋል።

«በል፣ ሂድ» አሉት። ከዚያ ዓይናቸው እግሬ ላይ አረፈና፣ ለማንም ባልሆነ ድምፅ፣ «ጫማዋ ጠቧታል» አሉ።

ቤት ስንገባ እናቴ «ምን አሉህ?» ብላ ጠየቀችው።

«ሂድ አሉኝ።»

«እሺ፣ ሌላስ?»

«ጫማዋ ጠቧታል አሉ።»

አባቴ ልብሱን ሳያወልቅ ጋደም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። 

በሳምንቱ ወኪሉ አዲስ የልጅ ጫማ በካርቶን ይዞ መጣ። «የማን እንደሆነ አላውቅም። ቁጥሩ ለልጅሽ ይመስላል» አለና ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ሄደ። አክስቴ ጫማውን እያገላበጠች «አየሽ አይደል?» አለች። «እሺ ሳይሉ ነው የሚሰጡት! ቤቱንም እንዲሁ ሰጥተዋል። ወረቀቱ አለ!» ወሬው የተጀመረው ያን ቀን ነው።

አባቴ በዚያው ወር ሞተ። ትልቁ ጋሼ በሚቀጥለው ወር ሞቱ። ወኪሉ በአሥራ አንደኛው ቀን ተከተላቸው፤ ቀጠሮ የነበራቸው ይመስል። ደመወዙን የሚልክ ጠፋና ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። እኔ ከፊደል ገበታው ገና «ሐ» ላይ ነበርኩ። ከ«ሐ» ወዲህ ያለውን ራሴ ነኝ የጨረስኩት።

የትልቁ ጋሼ የእህት ልጅ የመጣችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ወራሽ እሷ ነች። ግራጫ ካፖርት የለበሰች፣ ስትሄድ መሬቱን እያየች የምትራመድ ሴት ነበረች። ልጅ ሆኜ መሬቱን መርገጥ የምትጸየፍ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ያን ሁሉ መሬት አንድም ቀን ሳታየው ወርሳው ስለነበረ ምን እንደሚመስል ማየቷ ነበር። በግቢው የምንኖረውን ሁሉ ሰበሰበችን።

«መሬቱ ሊሸጥ ነው» አለች። «ሆኖም ከአጎቴ የተሰጠው ነገር ያለ ሰው አይነካም። ሰነድ ያለው ይቀመጣል፤ የሌለው ሦስት ወር አለው። ወረቀቶቻቸው በሙሉ ይታያሉ። መጀመሪያ ወረቀቶቹ ይስተካከሉና ከዚያ እንወስናለን።»

እኔ የሰማሁት የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ነው፦ ወረቀቶቹ ይስተካከሉ። ያልተስተካከሉ መሆናቸውን አውቃለሁ። ሳጥኖቹ ጣራው የሚያፈስ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀምጠው፣ ወረቀቱ ሁሉ እርጥበት ጠጥቶ ደርቆ፣ እንደ ጎመን ቅጠል ተጨማዷል። እንግዲህ ቤቱ የሚሰጠው ወረቀቱ ቀጥ ላለ ሰው ነው ብዬ ደመደምኩ። ይህ ደግሞ የምሥራች ነበር። በዚያ ግቢ ነገር ቀጥ የምታደርግ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

ዶክተሩ በሳምንቱ መጣ። ዶክተር ያልኩት እኔ ነኝ። ነጭ ጓንት አድርጓል፣ አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኗል፣ ማጉያ መነጽር ይዟል፤ ወረቀቶቹ ታመዋልና ሊያክማቸው የመጣ መሰለኝ። ሰውዬው ዶክተር አልነበረም። ከአንድ ቤተ መጻሕፍት የተላከ መዝገብ ለቃሚ ነው፤ ጓንቱም ጨርቁም አቧራ ስለሚያስነጥሰው ነበር። ሥራው ወረቀቶቹን ለይቶ አንድ በአንድ ፎቶ ማንሳት ነው። ፎቶ ለማንሳት ደግሞ ወረቀቱ መዘርጋት አለበት። ድንጋይ ጫነባቸው፣ እምቢ አሉ። ፍራሽ ሥር አስተኛቸው፣ እምቢ አሉ። በአራተኛው ቀን መተኮሻ ክፍሉ በር ላይ ቆመ።

«እህቴ፣ ወረቀት ተኩሰሽ ታውቂያለሽ?»

እናቴ አንዱን ሉህ ተቀብላ ጫፉን በሁለት ጣቷ አሸችው፣ ወደ ብርሃን አነሳችው፣ አሸተተችው።

«ሐር ተኩሻለሁ» አለች። «ይኼ ከሐር አይብስም።»

«ውኃ አይነካውም ታዲያ። ካውያውም ለብ ያለ ይሁን። ጥግ ጥጉን አደራ! የታጠፈ ጥግ ካለ ፎቶው ላይ ጥላ ይጥላል።»

«የታጠፈ ጫፍ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም» አለች እናቴ። ከተቆጣች ድምፅዋ ይቀዘቅዛል። ቀዝቅዞ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሥራው ተጀመረ። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ብርድ ልብስ፣ በላዩ ነጭ አንሶላ፣ በላዩ ወረቀቱ፣ በላዩ ደግሞ ስስ ጨርቅ። ካውያው ከመሀል ተነስቶ ወደ ዳር ይሄዳል፤ መልሶ አይመጣም። ሙቀት ሲያገኘው ወረቀቱ የተዘጋ ቁም ሳጥን ይሸታል። እናቴ ስትጨርስ በመዳፏ ዳበስ ታደርገዋለች፣ የተኛ ሕፃን እንደሚዳበስ፣ ከዚያ ለዶክተሩ ታስተላልፋለች።

የእኔ ሥራ ከእሷ በፊት ነው። ብዙዎቹ ወረቀቶች ላይ፣ ከላይ በቀኝ በኩል፣ ጥጉ ታጥፎ የተጫነ ነበር። «ጆሮ» እላቸው ነበር፤ ጆሮውን ያጠፈ የውሻ ቡችላ ስለሚመስሉ። ጆሮውን በጥፍሬ እከፍታለሁ፣ እጥፋቱን በማንኪያ ጀርባ ፈግፍጌ አስተካክላለሁ፣ ለእናቴ እሰጣለሁ። በቀን ሠላሳ አርባ ጆሮ አቀናለሁ። ማንም ሳያዘኝ ያመጣሁት ዘዴ ነው፤ የማንኪያው ነገር በተለይ የራሴ ፈጠራ ነበር። ዶክተሩ «ልጅሽ ጎበዝ ናት» አለ። እናቴም «ታውቃለች» አለች። አታውቅም አላለችም። ይህ ከእናቴ አፍ የወጣ ትልቁ ውዳሴ ነው።

ማንበብም የለመድኩት እዚያው ጠረጴዛ ጥግ ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ዶክተሩ አንድ ቀን በጣቱ እየጠቆመ «ይህ 'ጉዳዩ' ይላል» አለኝ። በቂዬ ነበር። «ጉዳዩ» የሌለበት ማመልከቻ የለምና፣ ከሱ ተነስቼ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈታሁ ሄድኩ። ከ«ጉዳዩ» ወደ «እንደሚታወቀው»፣ ከ«እንደሚታወቀው» ወደ «በትሕትና እጠይቃለሁ»። ሌሎች ልጆች «አበበ በሶ በላ» ብለው ሲጀምሩ እኔ የጀመርኩት «ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው» ብዬ ነው። ቤት ውስጥ ዳቦ ስፈልግ «እንዲሰጠኝ በአክብሮት አመለክታለሁ» ማለት ጀመርኩ። አክስቴ ልክፍት ያዛት ብላ ፈራች። ዛሬ ፍርድ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ በዚያ መንገድ ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ የለም። አልኩ እንጂ አልኮራሁም። ኮርቻለሁም።

ትልቁ ጋሼ ወረቀት አይጥሉም ነበር። የመጋዝ ደረሰኝ፣ የውሾቻቸው ስም ዝርዝር፣ የትምህርት ቤቱ ፕላን፣ ስለ አንድ ኮት እጅጌ ለልብስ ሰፊያቸው የጻፏቸው ዘጠኝ ደብዳቤዎች፤ ሰባተኛው ላይ ስድብ አለ፣ ስምንተኛው ይቅርታ ነው፣ ዘጠነኛው ወደ እጅጌው ይመለሳል። ለአንዲት የሙዚቃ መምህርት የተጀመረ ደብዳቤም ነበር፣ አራት ቅጂ፣ አራቱም ከ«ውድ» አላለፉም። ዕቃ ሊገዙ ዋጋ አስወድደውባቸው የተዉት መስሎኝ ነበር። ሳላገባ ሃያ ሰባት ዓመት የሞላኝ እኔ አሁን በደንብ ይገባኛል።

አንድ ነገር ግን ያኔም አስተውዬ ነበር። ጆሮ ያላቸው ማመልከቻዎቹ ብቻ ናቸው። ደረሰኝ ጆሮ የለውም፣ የእጅጌው ደብዳቤ ጆሮ የለውም። ማመልከቻዎቹም ሁሉም አይደሉም።

«ጋሼ» አልኩት ዶክተሩን፣ «ለምንድን ነው ሁሉም በቀኝ በኩል የታጠፉት?»

«ሰውዬው ቀኝ እጃቸውን ስለሚጠቀሙ ነዋ» አለ ከማጉያው ሳይነሳ።

«የሌላው ወረቀትስ ለምን አልታጠፈም?»

«ማመልከቻ የብዙ ሰው እጅ ይነካዋል። አያያዝ አያውቁም።»

መልሱ አረካኝ። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አረካኝ።

አክስቴ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ብቅ ትላለች። በሩ ላይ ቆማ «ተገኘ?» ትላለች። እናቴ ራሷን ትነቀንቃለች። «ይገኛል» ትላለች አክስቴ፤ ተቀምጣ ያላየነውን ወረቀት ቀለሙን ጭምር ትገልጽልናለች። ሰማያዊ ማኅተም አለው። ዳሩ ወርቃማ ነው። አንድ ቀን ዶክተሩ ቀስ ብሎ «እትዬ፣ አይተውታል እንዴ?» ሲላት «ወንድሜን አውቀዋለሁ፣ ትልቁን ጋሼም አውቃቸዋለሁ፣ ወረቀቱን ማየት ለምን ያስፈልገኛል?» አለችው። እኔ ሳቅኩ። ዶክተሩም ሳቀ። አክስቴ ላይ መሳቅ በዚያ ክፍል ውስጥ የተማረ ሰው ምልክት ሆኖ ነበር።

ሦስተኛው ወር ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው አገኘሁት።

ከአንድ ክምር መሀል ነበር። ጆሮው ታጥፏል፤ እንደ ልማዴ መጀመሪያ በጥፍሬ አቀናሁት፣ በማንኪያው ጀርባ ሁለት ጊዜ ሄድኩበት፣ ከዚያ ነው ማንበብ የጀመርኩት። የአባቴን ስም ሳየው ስሙን የያዘ ሌላ ሰው መሰለኝ። ስሙን ተጽፎ አይቼው አላውቅም ነበር። 

«ጉዳዩ፦ የመኖሪያ ቤት ይመለከታል። እኔ አመልካች ዛፎችዎን ለአሥራ ሦስት ዓመት የከረከምኩ ስሆን፣ አሁን ሕመም ስለጸናብኝ፣ የምንኖርባቸው ሁለት ክፍሎች በባለቤቴና በልጄ ስም እንዲሆኑልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ብልህ ናት።»

የመጨረሻዋን ቃል ማመልከቻ ጸሐፊው አልጨመራትም። እኔ የሙያው ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ቃል ማመልከቻ ላይ አይገባም። አባቴ ነው አስገድዶ ያስጻፈው።

«እማዬ» አልኩ። «አባዬ ነው።»

እናቴ ካውያውን አቆመችው። እጇን ታጠበች፣ አደረቀች። ወረቀቱን ተቀብላ ማንበብ ባትችልም እንዳነበበች ሁሉ ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ አዲስ አንሶላ አነጠፈች። ያን ወረቀት እንደተኮሰችው ሌላ ነገር ስትተኩስ አላየኋትም፤ ለሙሽራ ቀሚስ እንኳ እንዲያ አልተጠነቀቀችም። በፊቱ ተኮሰችው፣ በጀርባው ተኮሰችው፣ አራቱንም ጥግ ለየብቻ በካውያው አፍንጫ ነካ ነካ አደረገች። ስታነሳው ከፋብሪካ የወጣ ይመስል ነበር።

በማግስቱ የእህታቸው ልጅ መተኮሻ ክፍሉ ድረስ መጣች። ዶክተሩ ጠርቷት ነው። አክስቴም መጥታለች፤ እሷን የጠራት የለም። ሴትየዋ ወረቀቱን ቆማ አነበበች፣ ደግማ አነበበች።

«ልብ ይነካል» አለች። «ግን ይህ ጥያቄ ነው። መልሱስ?»

«መልሱማ ጫማው ነው!» አለች አክስቴ።

«ምኑ?»

«ጫማው! ለልጅቷ የላኩት!»

ሴትየዋ እግሬን አየች። ያ ጫማ ጠቦኝ ከተውኩት ዓመት አልፎኛል። የእናቴን ሰንደል ነበር ያደረግሁት፤ ተረከዜ ጋ አራት ጣት ትርፍ አለው።

«እባካችሁ» አለች ለስለስ ብላ። «ሰው ማስነሳት ደስ የሚለኝ አይምሰላችሁ። አጎቴ ይሁን ብለው ከሆነ ቃላቸውን አላጥፍም። ፊርማ ይሁን፣ አንድ መስመር ይሁን፣ ጭረትም ትሁን። የእሳቸው እጅ የነካው አንድ ምልክት አሳዩኝና ነገውኑ በስማችሁ አዞራለሁ።»

ዶክተሩ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወሰደ። ወደ ብርሃን አነሳው፣ ገለበጠው፣ አዘነበለው፣ በማጉያው ከጥግ እስከ ጥግ ሄደበት። 

«ንጹሕ ነው» አለ። «ምንም የለበትም።»

ምስጋና መሰለኝ። እናቴን ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ ምስጋና የተቀበለ ሰው ፊት አልነበረም። ያኔ ነገሩ የተበላሸ መሆኑ ገባኝ፤ ለምን እንደተበላሸም የገባኝ መሰለኝ። ወረቀቱ መሀል አካባቢ አንዲት ስስ ሽብሽብ ታየችኝ።

«እማዬ» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ፣ «እዚህ ጋ ትንሽ አለ። አንዴ ብትደግሚው ይስተካከላል እኮ።»

እናቴ ወረቀቱን ከዶክተሩ እጅ ተቀበለች፣ አነጠፈችው፣ ጨርቁን አለበሰችው፣ ደገመችው። የእህታቸው ልጅ ጠበቀችን። ይህን ልመስክርላት፦ እናቴ ተኩሳ እስክትጨርስ ቆማ ጠበቀችን። ከዚያ «አዝናለሁ» ብላ መሬቱን እያየች ወጣች።

«ወረቀቱ አለ!» አለች አክስቴ ከኋላዋ። «ይኼ አይደለም! ሌላ አለ!»

በሰባተኛው ቀን አልጋችንን በጋሪ ጭነን ወጣን። እናቴ ከመጋዙ ምስማሮች አንዱን ከግድግዳው ነቅላ ኪሷ ከተተች። ካውያው የትልቁ ቤት ስለሆነ አልወሰደችውም፤ አጽድታ፣ ገመዱን ጠቅልላ፣ ቦታው ላይ አስቀመጠችው። እኔ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ቤታችን የሄደው ሽብሽቧን ቀድሜ ባለማየቴ ነው ብዬ ነበር። እናቴ ለምን እንደማለቅስ ስትጠይቀኝ ነገርኳት። ጋሪውን እየገፋች ብዙ ከሄደች በኋላ «ሽብሽብ አልነበረበትም» አለች። «የእኔን እጅ እኔ አውቀዋለሁ።»

ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት። እናቴ የራሷ የልብስ ንጽሕና ቤት አላት፤ ሦስት ሠራተኛ ታዛለች፣ ሦስቱም ኮሌታ አይችሉም። ከሱቁ በላይ ያለው ቤታችን አራት ክፍል ነው፣ ምስማሩ በር አጠገብ ተመትቶ የቁልፍ መስቀያ ሆኗል። ሁለቱ ክፍሎቻችን የነበሩበት ቦታ ላይ መኪና ይታጠባል። ዶክተሩ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ አሉ። የእህታቸው ልጅ መሬቱን ሸጣ አላማረላትም፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው። አክስቴ አምና ሞተች። የመጨረሻው ሳምንት ነርሷ ኮሪደር ላይ ጠርታኝ «ወረቀቱ አለ ይላሉ፤ የምን ወረቀት ነው? ካርዳቸው መስሎኝ ግማሽ ሰዓት ፈለግሁ» አለችኝ። «ተይው፣ ልማዷ ነው» አልኳት። ነርሷ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

የትልቁ ጋሼ ወረቀቶች አሁን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ናቸው፤ መታወቂያ ያለው ሰው ሁሉ ያያቸዋል። ባለፈው ወር ሥራ ቀዝቅዞ ነበርና ሄድኩ። የሄድኩት ለእጅጌው ደብዳቤዎች ነው፤ አንድ ደንበኛዬ ልብስ ሰፊ ሊከስስ ፈልጎ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ልበደር ብዬ። የንባብ ክፍሉ ኃላፊ ከእኔ የምታንስ ልጅ ናት። ጓንት ዘረጋችልኝ። «አቧራ አያስነጥሰኝም» አልኳት። አልገባትም።

«ስለ እሳቸው የምትፈልጊ ከሆነ አዲስ የገባ አለ» አለች። «የወኪላቸው ልጆች ቤት ሲለቁ ያገኙት ደብተር ነው። ገና ዝርዝር ውስጥ አልገባም።»

ደብተሩ ትንሽ ነው፣ ብብት ሥር የሚገባ። የመጀመሪያው ገጽ በትልቁ ጋሼ እጅ ተጽፏል። የእጅ ጽሑፋቸውን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ የእጅጌውን ደብዳቤዎች ያነበብኩት በእሱ ነው።

«ለወኪሌ። እሺ ያልኩት ሰው ፊቴ ቆሞ ያለቅሳል። እምቢ ያልኩትም ያለቅሳል። ልቅሶ አልችልም። ከዛሬ ጀምሮ ለሁሉም ሂድ እላለሁ፤ አንተ ወረቀቱን ተመልከት። ላይኛውን የቀኝ ጥግ ካጠፍኩት ተፈቅዷል ማለት ነውና ሳትነግረው ፈጽምለት። ካላጠፍኩት አስቀምጠው። ይህን ከሁለታችን በቀር ማንም አይወቅ።»

ደብተሩን ዘጋሁ። ከዚያ ማመልከቻዎቹን ጠየቅሁ፣ በአባቴ ስም። ልጅቷ በጋሪ አመጣችልኝ። ወረቀቱ እናቴ እንደተወችው ነው። በጥፍሬ የላይኛውን የቀኝ ጥግ ዳበስኩት፤ አንዲት መስመር እንኳ ጣቴን አልነካችውም። ከላዩ ላይ በዶክተሩ እጅ የተሞላ ካርድ ተያይዟል።

«ዓይነት፦ ማመልከቻ። ገጽ፦ አንድ። ውሳኔ፦ አልተገኘም። እጥፋት፦ የለም። የወረቀቱ ይዞታ፦ እጅግ በጣም ጥሩ።»